ግራ ግድግዳ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ከፊት የጤፍ ማሳ፣ ከኋላ ሕንጻና ጭቃ፣
የአባቴ ቶርኖ ቆሟል በቆርቆሮ ጥላ፤
ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ከጨረታው አተላ
በዕቁብ ብር አንሥቶ፣ በአይሱዙ አስጭኖ፣
ያስገባው ባጥር ቀዳዳ፣ ስምንት ጎረምሳ ለምኖ።

ከቶርኖው በስተቀኝ፣ ክንድ ብቻ በሚርቅበት፣
የድሮ በር ሳንቃ አለ፣ ሚስማር የሞላበት፤
የየመሣሪያውን ጥላ በቀይ ቀለም ከቦ፣
በየቁመታቸው ሰቅሏል፣ እንደ ዘመድ ሰብስቦ።
የማንድሪኖው ቁልፍ ከላይ፣ እጁ በሚወድቅበት፤
ቀጥሎ የስለቱ ማጥበቂያ፣ ባለ አራት ማዕዘን አንገት፤
ካሊበሩ በጨርቅ ኪሱ፣ አቧራ እንዳይደፍረው፤
መቁረጫውን በድልህ ጣሳ፣ እንደ አበባ ነው የደረደረው።
«እጅ ዓይን የለውም» ይላል፤ «ቦታ ነው የሚያሳየው፤
መብራት ሲጠፋ ነው ልጄ፣ ባለሙያ የሚለየው።»

ጣሪያው ላይ አንድ ቀዳዳ፣ የሳንቲም ያህል፣ አለች፤
ክረምት በመጣ ቁጥር ታንጠባጥባለች።
ሊደፍናት አይፈልግም። አንድ ቀን፣ ገና ድሮ፣
ቁልፉን ማንድሪኖው ላይ ትቶ፣ ሞተሩን አስጀምሮ፣
ጆሮውን ታክኮ አለፈ፣ ቆርቆሮውን በስቶ፤
ከኦቦ ጉደታ ጓሮ ተገኘ፣ ጎመን መሃል ተኝቶ።
ከዚያ ወዲህ ሕጉ አንድ ነው፦ ቁልፍ በእጅ፣ ወይ በሚስማሩ፤
ሦስተኛ የለም። ይኼው ነው ነገሩ።

እኔ ግን ግራኝ ነኝ። በልጅነቴ ይቆጣኝ ነበር፦
«በግራ አይበላም! በግራ ለሰው አይሰጥም ነገር!»
ቶርኖውን ሲያስተምረኝም፣ ቁልፉን ላነሣ ከቀኝ፣
ደረቴን በክንዴ አቋርጬ ስጠማዘዝ፣
«ትለምጂዋለሽ» አለኝ።

ባለፈው ሰኔ ግን፣ ለወፍጮ ቤት ዘንግ ሲሠራ፣
ቀኝ እጁ ሳይነግረው ሞተ፤ ቁልፉ ወድቆ ሲጣራ
ሰማሁት ከጓሮ ሆኜ። መጀመሪያ ቁልፉ፣ ቀጥሎ እሱ።
ሁለት ወር ተመላለስን፤ አልዳኑም እጅና ምላሱ።

የወፍጮዋ ባለቤት፣ ወይዘሮ አሰገደች፣ ዘንጓን ፍለጋ መጣች፤
«ሰው እህሉን ይዞ ቆሟል» ብላ፣ በር ላይ ተቀመጠች።
ግራ ገባኝ። ደግሞም፣ ግራው ነበር የሚገባኝ፦
አባቴ እያየ ሳንቃውን ነቀልሁ፣ እጄ እየራደብኝ፤
ከቶርኖው በስተግራ ሚስማር መትቼ ተከልሁት፤
የቀዩን ጥላ ሁሉ እንደ መስተዋት ገለበጥሁት።

ሦስት ቀን አኮረፈ። ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ፣
ለጭነት መኪና ብቻ ሰጠ፣ ዓይኑንና ጆሮ።

በአራተኛው፣ አመሻሽ ላይ፣ መብራት ድርግም አለ፤
ዘንጉ ዞሮ ዞሮ ደክሞት፣ ግማሽ ተላጭቶ ቀጥ አለ።
ልፈታው ቁልፉን ሰክቼ፣ ስልኬን ፍለጋ ዞርሁ፤
የወንበር እግር ሲጎተት፣ ከዘራም ሲያንኳኳ ሰማሁ።
«አባዬ፣ እንዳትወድቅ!» ዝም። ሳንቃው ላይ የጣት ዳበሳ፤
ባዶ ሚስማር። ትንፋሽ። ከዚያ ብረት ከብረት ሲነሣ፤
ከዚያ ያቺ ቀጭን ድምፅ፣ ከሕፃንነቴ የማውቃት፣
ቁልፍ ሚስማሩን ሲያገኝ፦
ቂው።

መብራት መጣ። ሞተሩን ማጥፋት ረስቼ ኖሮ፣
ማንድሪኖው ያለ ቁልፍ ዞረ፤ ጣሪያውን ለጊዜው ምሮ።
አባቴ በግራ እጁ ሳንቃውን ይዞ ቆሟል፤
ከንፈሩ አንድ ቃል ሊወልድ፣ ላብ ግንባሩን ሞልቶታል።
«ዝ...» አለ።
«ዝቅ።»

በማግስቱ ሚስማሩን አራት ጣት ዝቅ አደረግሁት፤
ከወንበሩ ሳይነሣ በሚደርስበት ልክ መታሁት።
ወይዘሮ አሰገደች ዘንጓን ወስዳለች፤
ሁለት መቶ ብር ይቀራታል፤ «ነገ አመጣለሁ» ብላለች።