ቁርጡ እንዳይታወቅ

የካቲት፥ ትብሊሲ። ምትክቫሪ ወንዙ በረዶውን ቆርጥሞ፣
በስቱዲዮው ጓሮ ያልፋል አጉረምርሞ።
ላማራ ምድር ቤት፥ ከመቁረጫው ገበታ፣
የጥጥ ጓንት አጥልቃ፣ ሻይዋን ረስታ፣
ፊልሙን አንገቷ ላይ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር አንጠልጥላ፣
ታስኬዳለች፣ ታቆማለች፣
ወደ ኋላ ትመልሳለች።

የተሰጣት ትዕይንት ምንም አይጎድለው፤
ሰው በሌሊት መጣ፥ በሩን አንኳኳው፥
ተከፈተለት፥ ገባ፥ ባርኔጣውን ሰቀለው።
ፊቱ ገና ድሮ፥ ከደረጃው ሥር ሳለ ቦግ ብሎ ታይቷል፤
ገዳይ ይሁን እንግዳ፥ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።
«እንዲህማ ከሆነ» አለች «ቤቱ ይሂድ ተመልካች፤
ቁርጡን ካወቀማ ምን ይሠራል እዚህ?» መቀሷን አነሣች።

መጀመሪያ ፊቱን።
ከግንባር እስከ አገጭ፥ ሰባት ሜትር ከግማሽ፣
ጠቅልላ ከሽርጧ ኪስ ከተተችው።

ከዚያ እርምጃውን።
አሥራ አራት ደረጃ ወጥቶ ነበር ሲቀረጽ፤
ዘጠኙን አስቀረች። አሥረኛው ላይ ጫማው ሳያርፍ
ወደ ላይኛው ቤት ዞረች፤
እዚያ አንዲት ሴት አለች፣
ትሪ ላይ ሮማን የምትፈለፍል።

ጫማ።
ሮማን።
የበር እጀታ፥ ከውስጥ በኩል፥ ማንም ያልነካው።
ሮማን።
የሴትዮዋ አውራ ጣት ቆመ፤ ምን ሰማች? አናውቅም።
አንዲት ፍሬ አምልጣ ወለሉ ላይ ተንከባለለች።
ጫማ፤ አሁን ቆሟል።
ማንኳኳቱን ቆርጣ ጣለችው።
በሩ አይንኳኳ።
ዝምታው ያንኳኳ።

ጌሮንቲ መጣ፥ አየ፥ ጢሙን ጎተተ፤
«ሰውዬዬ የታለ? ተዋናዬ ሞተ?»
«አልሞተም፥ ኪሴ ውስጥ ነው» አለችው ላማራ፤
«ሰው እኮ ሲፈራ
የሚፈራው ያየውን አይደለም፥ ያጣውን ነው፤
እኔም የምቆርጠው፥ ቁርጡን ላዘገየው።»
እሱ ከሄደ በኋላ ግን ተጠራጠረች፤
ሁለት ፍሬም ጨመረች፥ አንዷን መለሰች።
ከዓይን ጥቅሻ ታንሳለች፤ ያቺን ካጡ ግን
ያመልጣል ትንፋሽ፥ የሰው ሁሉ በአንድ ላይ።

በግንቦት ተመረቀ። ቤሲክ አዲስ ክራቫት አሥሮ፣
እናቱን ከራጫ ተራራ በአውቶቡስ አስመጣ፤
ፔፔላ ሲኒማ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው፤
ጥቁር ሻሿን ፈታችው፥ ደግማ አጠበቀችው።
መብራቱ ጠፋ።

ጫማ። ሮማን። እጀታ።
ቤሲክ ይቁነጠነጣል፤ «ፊቴስ? ፊቴን ምን አደረጉት?»
(ለዚያች ፊት በአንድ ጧት ሦስት ጊዜ ተላጭቶ ነበር።)
አራት ደቂቃ ሙሉ አንድ ማጅራት፥ አንድ ጫማ፤
እናቱ ግን ገና ከታች አውቃዋለች፥ በዚያ ጨለማ።
ወደ ቀኝ የሚያጋድል፥ በልጅነቱ የተሰበረ እግር፣
ማን ያውቀዋል ከወለደው በቀር?

የእሷ ፍርሃት ከሰዉ ሁሉ ተለየ፤
አዳራሹ ለሴትዮዋ ሠጋ፥ በሩን እያየ፤
እሷ ለመጪው።
«ልጄ፥ ተው ይቅርብህ፤ ተመለስ በሞቴ!»
«እማዬ፥ ይኸው እኮ ነኝ፥ አጠገብሽ» አላት በሹክሹክታ።
አልሰማችውም። የልጇን መዳፍ ጨብጣ፣
ልጇን ትጠብቃለች፥ ከዚያ ደረጃ በደኅና እስኪመጣ።

ላማራ ከኋላ፥ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ፣
ከሽርጧ ወደ ኮቷ ኪስ የተዛወረውን ጥቅል ዳበሰች።
ለመጀመሪያ ጊዜ፥ መልሺላት፥ መልሺላት አላት።

ሸራው ላይ እጀታው

ዞረ።