ምርቃት

ሐይቅ ከተማ ወረድሁ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣
ያገለገለ ታንኳ፣ ዋጋው ኪሴን የሚመስል
ፍለጋ።
ከወንድሜ የተበደርሁት ብር በካልሲዬ ታጥፎ፣
ሌሊት ሙሉ የጻፍሁት ዝርዝር ከኪሴ ጫፉ ተርፎ፤
ርዝመት፣ ስፋት፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ወይስ ክብ፣
ስፌቷ ይታይ፣ ሥሯ ይዳሰስ፣ ሽታዋም ይጠርጠር ከቅርብ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር፤
ሦስት ሌሊት በሐይቁ ዳር፣
የማንም ድምፅ በሌለበት፣ ከሸንበቆው ሥር ማደር፤
ከዚያም ዳገቱን ሽቅብ ብሎ
ወደ አርዲቦ መሻገር።
ለሚስቴ ግን "ዓሣ ላጠምድ ነው" ብዬ ነገርኋት፣
"ዝምታ ፍለጋ" ብላት፣ በእሷ የመጣ እንዳይመስላት።

መጀመሪያ ያየኋት አረንጓዴ ቀለም የጠገበች፣
እንደ ሙሽራ መኪና ፀሐይ ላይ የምታበራ ነበረች።
ሻጩ አወቀ፣ ወሬው ከቀለሙ የሚወፍር፣
"አዲስ ናት ማለት ይቻላል፤ ሁለት ክረምት ብቻ ከባሕር።"
ጥፍሬን ሰደድሁ ከጎኗ፤ ቀለሙ ተላጠ፣
ከሥሩ ሌላ ቀለም፣ ከዚያ ሥር ሬንጅ፣ ከዚያ ጣቴ ሰመጠ።

ሁለተኛዋ ፋይበር ናት፣ የዓሣ ጥናት ያመጣት፣
ጥናቱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ እሷን ግን ዶሮ ወረሳት።
ውስጧ ሰባት እንቁላል፣ አንዲት ቀይ ዶሮ አኩርፋ፤
"ከነዶሮዋ ነው?" ብላቸው፣ ዘበኛው ሳቁ በይፋ።
ቀላል ናት፣ ወላሂ ቀላል፣ በአንድ እጅ ትነሣለች፣
ባለቤቷ ግን መንግሥት ነው፤ ፋይል ውስጥ ተኝታለች።

ሦስተኛዋ ከአያ እብሬ ግቢ፣ ከሾላው ጥላ ሥር፣
እንደ ደከመ ግመል፣ በአፏ ተደፍታ ነበር።
የዋንዛ ልጅ፤ ሆዷ በቆርቆሮ ሁለት ቦታ ተጠግኖ፣
ምስማሩ በረድፍ ተመትቶ፣ የቀሚስ ዘምዘማት ሆኖ።
አያ እብሬ አላመሰገኗትም። ጫታቸውን ወደ ጉንጭ ገፍተው፣
"ውኃ ትቀምሳለች፤ ሰው ግን አትውጥም" አሉኝ፣ ቆርቆሮውን መታ አድርገው።

ሜትር ዘረጋሁ። ጎኗን አንኳኳሁ።
ስንት ሰው ትጭናለች፣ ነፋስ ሲነሣ እንዴት ናት፣ ጠየቅሁ፣ ጠየቅሁ።
ሽማግሌው አዳመጡ፤ ፈገግም አላሉ፤
"ልጄ፣ እሷ ሳትሸከምህ፣ አንተ ተሸከማት" አሉ።

እንዴት?

"እንደ ሬሳ አይደለም፤ እንደ ልጅ፣ ትከሻህ ላይ።
እስከዚያ ግራር ሂድና ተመለስ፤ ከዚያ ስለ ዋጋ እንተያይ።"

ገባሁ ከሥሯ። ጨለማ። የዓሣ ሽታ፣ የከረመ ጭስ፣
በቆርቆሮው ጥግ፣ ሳንቲም የምታህል ብርሃን ስትፈስ።
አሥር እርምጃ ጉራ ነበር፤ ሃያው ላይ ጉልበቴ ለመነኝ፣
ሠላሳው ላይ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ በስሜ ጠርቶ አገኘኝ።
አርዲቦን አሰብሁ፣ ዳገቱን፣ "ግማሽ ቀን ነው" ያልሁት፤
ለካ ካርታውን በልቤ ነው እንጂ፣ በወገቤ አላየሁት።

ደርሼ ተመለስሁ። እንዴት እንደሆነ አልናገርም።
እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አዩ ይሆን፣ አላውቅም።
"አብሽር" አሉኝ፣ "ለዳገቱ የሰፈር ጎረምሳ አይጠፋም፤
ያንተ ድርሻ ከውኃው እስከ መኝታህ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።"
ዋጋ ጠሩ። ቀነስሁ። ጨመሩ። ቀነስሁ።
ከካልሲዬ የወጣው ብር ሞቆ ነበር፤ አፈርሁ።

ልለያቸው ስል ገብተው አንድ ጣሳ ይዘው ወጡ፣
የድልህ ጣሳ፣ ጠርዙ በመዶሻ የታጠፈ፤ ለእጄ ሰጡ።
"ይህ ምርቃት ነው" አሉ። እኔ ጭማሪ መስሎኝ፣
እንደ ጎመን ሻጭ ጭብጥ፣ ሳቄ ሊያመልጥ ቀደመኝ፤
እሳቸው ግን መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፣
ለታንኳዋ፣ ለትከሻዬ፣ ለነፋሱ፣ የማጠምዳቸው ዓሦች ሳይቀሩ።

ማታ፣ ከሸንበቆው ባሻገር፣ ውኃው ሰማዩን ሲያጠፋ፣
ቀመሰች፣ እንዳሉት፤ እግሬ ራሰ፤ እኔም አልከፋ።
በጣሳው ቀዳሁ፣ ደፋሁ። ቀዳሁ፣ ደፋሁ።
በደፋሁና በቀዳሁ መካከል፣ የመጣሁበትን ሰማሁ።