ፀሐዩ ፀ

ኮዬ ፈጬ፣ ጤና ጣቢያ፣ ክፍል አራት፣ ሰኞ ጠዋት፤
ሰልፉ ከበር አልፎ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጥግ ተጠግቷል፣ ከአቧራው ሽሽት።

ታብሌቷ ጭኔ ላይ ናት።
እጄን በአልኮል አሽቼ ስነካት አታውቀኝም፤
በጋዋኔ ጠርጌ ስነካት ሁለቴ ትሰማለች፣ ሁለተኛውን አላልኳትም።

«ስም?»
«ፀሐይነሽ ጉርሜሳ።
ከፎቁ አይደለሁም፤ ከማዶ ነኝ፣ ቤቴ ገና ያልተነሳ።»

«የትውልድ ቀን?»
ሳቁ። «አንበጣ የወረደ ሰሞን ነው፣ ጤፉ ገና ሳይታጨድ።»
ሳጥኑ ቀን ይሻል፤ ባዶውን አያልፍም፤ ቀላብኝ፣ እንደ ፍም ሊነድ።
ጥር አንድ ብዬ ሰጠኋቸው፤
የሰልፉን እኩሌታ፣ እኔው ነኝ፣ ጥር አንድ ቀን የወለድኳቸው።

ሐኪሙ መርፌ አዟል ከወዲያኛው ክፍል፤ «ፔኒሲሊን» ይላል መስታወቷ፣
ለፀሐይነሽ፣ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ፤ ንጹሕ ነው፣ ነቁጥ የለው መዝገቧ።

መርፌውን ቀድቼ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስሙን ደግሜ ፈለግሁ፤
ፀሐዩን ትቼ ጸሎቱን ጸ አስገባሁ፤
ሌላ ጸሐይነሽ ብቅ አለች፣ ግፊቷ ከፍ ያለ፣ ሁለት ቀጠሮ የዘለለች።
ሐመሩን በሃሌታ ለወጥኩ፤
ሦስተኛዋ ጸሃይነሽ መጣች፣ በቀይ ቀለም፣
«ፔኒሲሊን አይስማማኝም» እያለች።

ሦስቱም ፊቴ ተቀምጠዋል፣ በአንድ ነጠላ ተጠቅልለው፣
በአንድ ሳል እየሳሉ፣ አንዱን ክንድ ለመርፌው ገልጠው።

«መዝጋቢ» የሚለውን ከፈትኩ። የገዛ ስሜ ነው የወጣ፤
ሐምሌ፣ መብራት የሄደ ዕለት፣ ባትሪው አራት ከመቶ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲቆጣ።
ጸ በአንድ ንክኪ ትመጣለች፤
ፀ ግን ተጭነው እንዲቆዩላት ትፈልጋለች፣
አንዲት ትንፋሽ ያህል።
ያቺን ትንፋሽ ነበር የሰሰትኩት፣ ቶሎ ልጨርስ ስል።

መርፌውን ከደንኩት።
«ምነው ልጄ?»
«እማማ፣ ስምዎን በየትኛው ፀ ነው የምጽፈው?»
ቀና ብለው አዩኝ፣ ሰንበት ብለው።
«እኔ ፊደሉን የት አውቄው!
አንቺ ብቻ ጥሪኝ፣ አቤት እላለሁ።»

ጣቴን ፀ ላይ ጭኜ ቆየሁ።