የፉልቪዮ ሂሳብ

ሳን ጃኮሞ ሰፈር፣ ከዳገቱ አናት፣
አንዲት ወይን ቤት አለች፣ ሁሉ የሚያማት፣ ሰው የማይጠፋባት።
ስድስት ጠረጴዛ፤ ያንደኛው እግር አጭር ነው፤
ካርቶን አጣጥፎ ከሥሩ የወተፈው
ፉልቪዮ እንዳይመስላችሁ፤ ደንበኛ ነው እሱም፤
ፉልቪዮ ለዕቃ ጎንበስ፣ ለሰው ቀና አይልም።

ኦንዲና ትምላለች፦ ነጭ ወይን ጠይቃ፣
ለብ ያለ መጣላት፣ እንደ ሕመምተኛ ሾርባ፣ ከስንት ጥበቃ፤
ከብርጭቆው ጠርዝ ላይ የሌላ ሴት ከንፈር፣ የቀለም አሻራ።
"ይኼ የማን ነው?" ብትል፣ እሱ መች ሊያፍር፣ መች ሊፈራ፣
"ያንቺ ካልሆነማ ባለቤቷ ትመጣለች" ብሎ ዞረ ወደ ሥራ።
ሥራው ምን መሰላችሁ?
ራዲዮ። ኳስ። የጥፍር መቁረጫ።

ዱሻን፣ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ የነበረው፣
"መርከብ አራግፌ እጨርስ ነበር፣
አንድ ሳህን ወይራ እስኪያመጣልኝ ይኼ ሰው" ይላል።
ወይራው መጣ በስተመጨረሻ፤ አምስት ነበር ቁጥሩ፤
ሁለቱ ግን ሌላ ሰው የጋጣቸው ነበሩ።

ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው ሲወርድ፣
በሩን በርግዶ ይገባል፣ ወንበር ሲያንገዳግድ።
"የቀረበው ይዝጋው" ይላል ፉልቪዮ፤ አይነቃነቅም፤
የቀረበው ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ቆሞ ይጠጣል፤ ሄዶም አይቀር ግድየለም።

እኔም የራሴ አለኝ። ኒቬስ እባላለሁ።
አርባ ዓመት የሰው ሱሪ ሳሳጥር ኖሬያለሁ፤
አንዲት ክር ብትዛነፍ የማላልፍ ሴት ነኝ፣
ታዲያ ይኼ ሰውዬ በምን አሸነፈኝ?

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ሊቪዮና እኔ
ከመስኮቱ ጥግ ነን፤ ቀዩ ለሱ፣ ነጩ ለኔ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
ፉልቪዮ ፊታችንን አንድ ቀን አላየም፤
"ምን ልታዘዝ?" አይል፣ "ደህና እደሩ" የለም፤
ሁለቱን ብርጭቆ አምጥቶ ይደነቅራል፤
ጠረጴዛው ላይ ወይን፣ እጅጌዬ ላይ ወይን፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል።

በጥቅምት ሊቪዮ ሞተ።
ሦስት ሐሙስ ቀረሁ፤ በአራተኛው ወጣሁ፤
ጥቁር ሹራብ ለብሼ፣ ከዚያው ጥግ ብቻዬን ተቀመጥሁ።
ኦንዲና አቀፈችኝ። ዱሻን ባርኔጣውን አወለቀ።
ፉልቪዮ መጣ፤
ቀና ሳይል፣
ሁለት ብርጭቆ ደነቀረና እጅጌዬን አጠመቀ።

"አንተ ዕውር! አንድ ነኝ! ቁጠር እስቲ!" ልለው ነበር፤
አፌን ከፍቼ ቀረሁ።
ቀዩ ወይን ከፊቴ፣ ከባዶው ወንበር ፊት፣
ይርገበገባል ሞልቶ፣ በነፋሱ ምክንያት።

ማዘጋጃ ቤቱ ሰርዞታል፤ ባንኩም ሰርዟል፤
ድንጋይ ጠራቢው ስሙን ቀርጾ ገንዘቡን ተቀብሏል፤
በከተማው ሁሉ፣ ሰነፍ የተባለ ጸሐፊ እንኳ ተግቶ
አጥፍቶታል ሊቪዮን፣ ከመዝገብ አውጥቶ።
እዚህ ግን፣ በዚች በማትረባ ወይን ቤት፣
ቀና ብሎ ማየት በሚያታክተው ሰው ቸልተኝነት፣
ባሌ ገና አለ። ሐሙስ ሐሙስ ይጠጣል።
ዕዳም አለበት።

ስምንት ዩሮ፣ የሁለት። እከፍላለሁ።
(ቀዩን አልነካውም፤ ከበር ሳልደርስ ዱሻን ይጨልጠዋል።)
"ሆን ብሎ ነው፣ አዝኖልሽ" ይለኛል እሱ። እኔ አላምንም፤
ፉልቪዮ ደግ ቢሆን ኖሮ፣ በሩን መዝጋት አያቅተውም።

ትናንት ኦንዲና መጣች፣ ወረቀት ዘርግታ፤
ለፉልቪዮ ታላቅ እህት፣ ለቤቱ ባለቤት፣ የሰፈር አቤቱታ።
አንደኛ፦ ወይኑ አይቀዘቅዝም። ሁለተኛ፦ ብርጭቆው ያደፈ ነው።
ሦስተኛ፦ በሩ። አራተኛ፦ አፉ።
አምስተኛ፦ ያልጠጡትን ያስከፍላል፤ ሰው መቁጠር አይችልም።
"ፈርሚ፣ ኒቬስ፤ ካንቺ የባሰ የተበደለ የለም።"

መነጽሬን አደረግሁ። አነበብሁት። ሐሰት የለበትም።
ፈረምሁ፤
ብቻ ከመፈረሜ በፊት፣ በልብስ ሰፊ እጅ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣
አምስተኛውን ሰረዝሁት።
ቀዩ ወይን ከፊቴ ነበር።