ሐሙስ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ

ከቱሉ ዲምቱ በባጃጅ፣ ኮብልስቶኑ እስኪያልቅ ድረስ፣
ከዚያ በእግር፣ ጫማ በእጅ፣ ጭቃ አቋርጦ ለመድረስ።
ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ነው፤ ሦስት ክፍል በብሎኬት፣
አንድ በቆርቆሮ፣ አንድ ደግሞ ሰማይ ጣራ የሆነለት።

እዚህ ቆርኪ ቁጥር ነው፤ አሥር አሥሩ በሽቦ ይሰካል፤
የኮት መስቀያ ሚዛን ነው፤ ድንችን በጠጠር ይለካል።
ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ ተሰንጥቆ ሥር ሲያወጣ
አንደኛ ክፍል ዝም ይላል፤ ያለ ዱላ፣ ያለ ቁጣ።

የወላጅ ስብሰባ ላይ አንድ አባት ከኋላ ተነሥተው
«ደብተሩ ባዶ ነው» አሉ፣ ገልጠው ለሁሉም አሳይተው።
«ልብሱ ጭቃ፣ ጥፍሩ ጭቃ፤ ለዚህ ነው ወይ የምከፍለው?
ጨዋታማ ደጃፌ ላይ በነጻ ይጫወተው።»
ምን ይመለስላቸዋል? ደብተሩ እውነት ባዶ ነው።
ልጁ ግን ያን ዕለት ማታ፣ እናቱ ናት ያጫወተችኝ፣
የአልጋውን እግር በስንዝር ለክቶ፣ አንዱን አጭር አግኝቶ፣
ካርቶን አጣጥፎ ደገፈው።
አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይወዛወዙ ተኙ።

ሐሙስ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፤ የሁለት ሰዎች ቤት ጉዳይ፣
አንዱ ዓለት ላይ የሠራ፣ አንዱ ደግሞ አሸዋ ላይ።
ማውራት ብቻ አይበቃንም፤ መሥራት አለብን በእጃችን፤
አሸዋውን ከኮንዶሚኒየሙ ፎርማኑ በጋሪ ሰጠን።
ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል። ውኃ ግን እዚህ ሰፈር በወረፋ ነው፤
ጋሽ ኦርካይዶ ዘበኛው ከገዛ ጄሪካናቸው ቀንሰው
«ለጎርፍ ይህ ይበቃል» አሉ።

ኬብሮን ባለ ፎቅ ሠራ፤ ዲሽም ሰቀለ፣ ከጠርሙስ ክዳን።
ሶሊያና አጥር ብቻ ሠርታ፣ «ቤቱማ ውስጥ ነው» አለችን።
ኤፍራታ ዓለቱ ላይ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት።
አባቷ ግንበኛ ነው። ጭቃውን በመዳፏ ስታለስን
እሱን አየሁት፤ የአውራ ጣቷ አያያዝ ሳይቀር እሱን።

ጎርፉ ወረደ። የአሸዋው ተናደ። ጩኸት፣ ጭብጨባ፣ ሳቅ።
የዓለቱ ቆመ።
ትምህርቱን ልቋጭ አፌን ስከፍት
ኤፍራታ ጭቃ እጇን አወጣች፦

«ቲቸር፣ የእኛም ቤት ዓለት ላይ ነበር።
አባዬ መሠረት ሲቆፍር ዶማው እሳት ይተፋ ነበር።
ዝናብ መጣ፤ አልወደቀም።
ንፋስ መጣ፤ አልወደቀም።
ከዚያ በሩን ቀይ ቀለም ቀቡት፤
ዶዘር መጣ።»

ሠላሳ አንድ ልጅ ወደ እኔ ዞረ።
በሥልጠናው «የልጅ ጥያቄ አክብሩ» ብለውን ነበር፤
እንዴት እንደሆነ ሳይደርሱበት የሻይ ሰዓት ደረሰ።
ጌታ ሆይ፣ እኔ የተዘጋጀሁት ለጎርፉና ለንፋሱ ነው።

ኬብሮን ነው ዝምታውን የሰበረው፤
ከሰርዲን ጣሳ የሠራትን መኪና ከኪሱ አውጥቶ፣
«ዶዘሩን እኔ ልንዳ?»
«አይሆንም፤ የምነዳው እኔ ነኝ።»
ነዳችው። በከንፈሯ እያጓራች፣ ጭቃውን እየሰነጠቀች፤
ቤቷ ደጃፍ ስትደርስ ሞተሩን አጠፋች።
በሁለት ጣቷ እየተራመደች ወረደች።
በሩን በጥፍሯ አንኳኳች፦
«ቤቶች! ሰው አለ?»

ሠላሳ አንድ ልጅ፣ ማንም ሳያዘው፦
«አለን!»

ደወሉ ተደወለ። ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል አልጻፍኩም።
በተረፈችው ውኃ ተጣጠብን፣ በአንድ ጆግ፣ በሰልፍ።
ኤፍራታ ብቻ አልተሰለፈችም፤ ተንበርክካ፣
መኪናዋን ወደ ኋላ አዙራ፣ አሸዋ ትጭንባታለች።
«ለማን ነው?» አልኳት።
«ለሶሊያና። አጥር ብቻ እኮ ነው ያላት።»