ሁለት ቆቅ፣ አንድ ጠርሙስ

ጉተማ ከወንጂ፣ ከሸንኮራው ዳር፣
ሁለት ቆቅ አመጣ፣ በሲባጎ ታስረው እግር ለእግር።
ብስክሌቱን ከአጥሩ አስደግፎ፣
«ያዢ» አለኝ፣ ላቡን በእጅጌው ገፎ።
ላባቸው የአገዳ ቃጠሎ ይሸታል፤
ከክንፋቸው ሥር ገና ይሞቃል።
አንዷ ዓይኗን አልከደነችም።
እኔም አልከደንኩላትም።

በፈላ ውሃ ነክሬ ስነጭ፣
ነፋሱ ላባውን እስከ ጎረቤት ሲረጭ፣
የማስተዋል ልጅ ዘላ አንዱን ልትቀልብ፣
«እማ፣ ጥጥ ዘነበ!» አለች ከአጥሩ ቅርብ።

ያቺን ዓይነ ክፍቷን ስዳብስ ጠጠር ነገር ነካኝ፤
እርሳስ ነው። በቢላ ጫፍ ሳወጣ ሌላም እዚያው አገኘኝ።
አንድ በአንድ ጣሳ ውስጥ ስጥል
ኳ፣ ኳ ይላል። አምስት ቆጥሬ፣ በቃ ስል፣
ሆዷን ብከፍት፣
ቅርፊት ያላገኙ አስኳሎች፣ ከትልቅ እስከ ምስር ፍሬ፣
እንደ ጨሌ ተሰክተው፣ ክሩ ሳይበጠስ እስከ ዛሬ።

ጉተማ አየ። ዝም አለ።
«ሴት ትሁን ወንድ፣ አገዳ ውስጥ ማን ይለያል?» አለ።
ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ባቡር ጣቢያው ቡፌ፣ እኔ ገና ድስት አጣቢ ሳለሁ፣
ጋሽ ክንፉ የሚባል አብሳይ ነበር፤ ቃሉን እስከ ዛሬ ይዣለሁ፦
«ዶሮ ሰው ቤት ያድጋል፣ ሰው ያምናል፣ ቶሎ ይበስላል።
ቆቅ ግን በሽሽት ያደገ ሥጋ ነው፣ ከሞተም በኋላ ይሸሻል።
በእሳት አታስፈራሪው፤
በወይን ለምኚው።»
የእጅ ሰዓት አልነበረውም።
ባቡሩ ከአዋሽ ተነሣ ሲባል ይጥዳል፣
ጡሩምባው ከጣቢያችን ሲሰማ ያወርዳል።

ባለሱቁ ጠርሙሱን ሲሰጠኝ «ማን ሊዳር ነው?» አለኝ።
«ሁለት ቆቅ» አልኩት። አላመነኝ።
ቡሽ መንቀያ የለኝ፣ በማንኪያ እጀታ
ወደ ውስጥ ብገፋው ወይኑ ፊቴን በጥፊ መታ።
ቀይ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ አንድ ጭብጥ ጦስኝ፣ ቁንዶ በርበሬ፤
አዋዜና ድልህ መደርደሪያቸው ላይ ይዋሉ ለዛሬ።
ወፎቹን በቅቤ አገላብጬ ቡናማ ሲሆኑ፣
ጠርሙሱን ደፋሁባቸው፤ እስኪሰክሩ አይደለም፣ እስኪሰክኑ።
ከሰሉን በአመድ ሸፈን፤ ክዳኑ ላይ ድንጋይ።
መብራት ጠፋ። ድስቱ ብቻ ያወራል፣ የውስጡን ሳናይ።

ያ ባቡር ከቀረ ስንት ዘመኑ! ሐዲዱ ላይ ፍየል ይተኛል፤
አዲሱ በከተማው ጀርባ፣ ሽታችን ሳይደርሰው ያልፋል።
እኔ ግን እስካሁን የምጥደው በዚያው ባቡር ነው።
የማይመጣ ባቡር አይቸኩልም። ለቆቅ ደግሞ የሚሻለው እሱ ነው።

በስተመጨረሻ አስኳሎቹን ከነክራቸው ጨመርኩ።
ልጥላቸው ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። እኔም አልተከራከርኩ።

«ወይን እኮ አልጠጣም፣ ጴንጤ ነኝ» አለ ጉተማ።
«ማን ጠጣ አለህ? ብላ!» ዳቦ ቆረሰ፤
ሥጋው ከአጥንቱ ለቀቀ፣ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ።
ሁለተኛውን ሲጎርስ ግን ማኘኩን አቆመ።
ከምላሱ ጫፍ አንድ እርሳስ አወጣ፣ ሳልቆጥረው የከረመ።
ጣሳውን አቀረብኩለት። አልጣለውም።
ሸሚዝ ኪሱ ከተተው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

በሳምንቱ የብስክሌቱ ደወል ከደጅ ተሰማኝ።
ወጣሁ። ከኮርቻው ኋላ፣ በዚያው ሲባጎ ታስሮ፣
ሁለት ጥቅል ጎመን።
«ይሄስ በወይን ይሆናል?» አለኝ።