«መቼ እንምጣ?» ላልሽኝ

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፣ ወይዘሮ ሶላንዥ፤
ፖርት ማቱሪን ፖስታ ቤት አሥር ቀን ሰንብቶ።
ኤቫሪስት አነበበልኝ በረንዳ ላይ፣ ጮክ ብሎ፣
እኔ ቀይ ቦሎቄ ስለቅም፣ መነጽሩ ባፍንጫው ተንጠልጥሎ፦
«ከዓመቱ ወራት የትኛው ነው ምርጡ?
ዝናብ የማይነካን፣ የማይጮኽ ነፋሱ፣
ሙቀት የማይበዛ፣ ባሕሩም ረጋ ያለ፣
ዋጋውም ቢሆን ቀነስ የሚል ካለ።»
ከዚያ ሳቀና ወረቀቱን አጠፈ፦
«ይቺ የምትለው ወር እኛ ጋ ሳይደርስ አለፈ።»

እሱ ይሳቅ። እኔ ክፍል አከራይ ነኝ፤
አልዋሽሽም፣ ግን ደግሞ አላባርርሽም።

ሰኔና ሐምሌ ነፋስ ነው፤ ከደቡብ ምሥራቅ ተነሥቶ
ሳምንት ሙሉ ያፏጫል በበሩ ሽንቁር ገብቶ።
የሰጣሁት አንሶላ ጎረቤት ዘንድ ይገኛል፤
የሷ ቀሚስ እኔ ዘንድ፤ እንዲህ ስንለዋወጥ ይከርማል።
ላንቺ ብርድ አይደለም፤
እኛ ግን ሹራብ እንለብሳለን። ብትስቂብንም ግድ የለም።

በነሐሴ አጋማሽ ባሕሩ ይዘጋል።
በር ኖሮት አይደለም፤ ሕግ ነው የሚዘጋው፣
ኦክቶፐሱ እስኪያድግ ማንም እንዳይወጋው።
ሁለት ወር ሙሉ መውጊያ ብረቴ ግድግዳ ላይ ይዝጋል፤
እግሬም ጫማ ይለምዳል።
በጥቅምት፣ በመክፈቻው ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ
ሴቱ ሁሉ ቦቲውን አጥልቆ ወደ ውኃው ሲወርድ፣
አማቴ ክሎቲልድ፣ ሰባ ስድስት ዓመቷ፣
ጉልበቷን ትረግማለች እስኪርስ ድረስ ባቷ።
ከዚያ ወዲያ ዝም።
ጎንበስ፣ ወጋ፣ ቀና።
ያን ቀን ግን አትምጪ፤ ቁርስ የሚያቀርብልሽ የለም፤
አልጋሽንም አንቺው ታነጥፊያለሽ። እኔ ቤት አልገኝም።

ኅዳር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያንቺ ወር ነው።
ነፋሱ ይተኛል፤ የጀልባው ጥላ ከታች አሸዋው ላይ ይታያል፤
የአውሮፕላን ቲኬቱም ይህን አውቆ ይወደዳል።
እኛም ሰማይ ሰማይ እናያለን፤ በሌላ ዐይን ግን።
ቧንቧው በሦስት ሳምንት አንዴ፣ ሲያሻው ብቻ ይስላል፤
በርሜሉን አንኳኩቼ አደምጣለሁ፤ ባዶ ነገር ብዙ ያወራል።
አንቺ በቀን ሁለቴ ትታጠቢያለሽ፤ ጨው አለና በገላሽ፤
እኔ ባልዲውን እቆጥራለሁ። አልነግርሽም፤ እንግዳ ነሽ።
አንቺ በጠዋት ወጥተሽ «ዛሬም ጠራ!» ስትዪ በደስታ፣
ክሎቲልድ ለዝናብ ሻማ ታበራለች ጓዳ ገብታ።

ጥርና የካቲት ዝናቡ ይመጣል።
አንዳንዴ ታዲያ ብቻውን አይመጣም፤
ሬዲዮው ቁጥር ይጠራል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
አራት ካለ በር አይከፈትም።
የዛሬ ስድስት ዓመት ባልና ሚስት መጡ፣
ዋጋ ረክሶ አግኝተው፣ ወሩን ሳያጣሩ ቲኬት የቆረጡ።
በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ቆርቆሮ በራሳችን ላይ በረረ፤
አምስታችን ባንድ ክፍል፣ ባንድ ሻማ፣
ዶሚኖ ስንጫወት ነጋ።
ሰውየው ያጭበረብር ነበር። ክሎቲልድ ያዘችው።
ጠዋት በርሜሉ ሁሉ ሞልቶ ይፈሳል፤
ሚስትየዋ በሌሊት ልብሷ፣ ያለ ጫማ፣
የዝናብ ውኃ በጣሳ ትጠጣለች ግቢው መሃል ቆማ።
አንድ ቀን እንኳ ሳይዋኙ ሄዱ።
በየገናው ካርድ ይልካሉ።
ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

እንግዲህ ይኸው ነው። ኤቫሪስት «ኅዳር በያት፣ ገንዘብ ያስፈልገናል» ይላል፤
እውነቱን ነው፤ ጣሪያው ቀለም ይፈልጋል።
ክሎቲልድ ግን ከጓዳ ሆና «ሚያዝያ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ፤
«ዝናቡ አልፎ፣ ነፋሱ ገና ሳይነሣ፣
በርሜሉ ሙሉ ሳለ።
ትምጣና እንደ ልቧ ትታጠብ፤
አንቺም ቁጥርሽን ተዪ።»

ክፍሉ ባሕር አያይም፤ የሚያየው የጎረቤትን ፍየል ነው።
ዋጋው ግን በየትኛውም ወር ያው ነው።
መቼም ነይ፣ መቼ፣
የባትሪ ድንጋይ ያዢ።